ቤዙ ነው ወይስ ገመዱ? የደሴና የኮምቦልቻ ቤዝ ተጫዋቾች ችግርና መፍትሄ

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ከጮኸ ነገሩ ይገባኛል። ሰርግ አለ፤ ቤዝ ጊታሩ እምቢ ብሏል። «ጋሼ፣ ቤዙ ሞተ!» ይለኛል አንዱ ልጅ። «ገመድ ቀይረህ ሞክረሃል?» እለዋለሁ። ዝም። «ቆይ እስቲ፣ መልሼ ልደውል።» ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሟቹ ተነስቷል።

ይህን የምጽፈው ለእነዚህ ልጆች ነው። የመሣሪያ ጠጋኝ አይደለሁም። ቤዝ ተሸክሜ ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁልና ሽቅብ ስመላለስ፣ እያበላሸሁም እየጠገንኩም የለየሁት ነው። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ገመዱንም፣ ባትሪውንም፣ አምፑንም (ድምፅ ማጉያውን) አንድ ላይ ቀይራችሁ ቢሠራ ጥፋተኛው የቱ እንደነበር አታውቁም። የተበላሸው ገመድ ተጠቅልሎ ቦርሳ ይገባና ለሚቀጥለው ሰርግ ይጠብቃችኋል።

ድምፅ የለም፤ ወይም ይመጣል ይሄዳል

ብዙውን ጊዜ ገመዱ ነው። ካልሆነ የገመዱ መግቢያ ነው።

የማትጠራጠሩት ሌላ ገመድ ሰኩ። ድምፁ ከመጣ አለቀ። የድሮውን ገመድ ጫፎቹ አካባቢ ወዝወዝ አድርጉት፤ የሚንጣጣበት ቦታ የተቆረጠበት ነው። ጫፉ የሚፈታ ዓይነት ከሆነ ሦስት አራት ሳንቲ ቆርጦ እንደገና መበየድ ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ልጅ በካውያው ቶሎ ይገላግላችኋል።

በሌላ ገመድም ያው ከሆነ ቤዙ ላይ ያለውን ጃክ ነካ አድርጉት። ዳዶው ላልቷል? እንግዲያው ገመድ በተሰካ ቁጥር ጃኩ አብሮ ይዞራል። ሲዞር ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽቦ ተጠማዝዛ ትበጠሳለች። ሽፋኑን ፍቱ፣ ጃኩን ከውስጥ በጣት ያዙ፣ ከዚያ ዳዶውን አጥብቁ። ውስጡን ሳይይዙ ከውጭ ብቻ በፒንሳ ማጥበቅ ሽቦውን ራሱ ይበጥሰዋል። አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጌ በጣሹም እኔ፣ ከፋዩም እኔ ሆኜ ነበር።

ባለ 9 ቮልት ባትሪ የሚበላው፣ አክቲቭ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ምልክቱ ይለያል። መጀመሪያ ድምፁ ይሻክራል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ከዚያ ይጠፋል። በቴስተር ለኩት። አዲስ ባትሪ 9 ቮልትና ከዚያ ትንሽ በላይ ያሳያል፤ ከ8 በታች ከወረደ ለሰርግ አትመኑት። «ትናንት ነው የቀየርኩት» የሚል ልጅ ካጋጠመኝ ማታ ገመዱን ነቅሎ ማደሩን እጠይቃለሁ። በእነዚህ ቤዞች ላይ ማብሪያው ጃኩ ነው። ገመዱ ተሰክቶ ካደረ ባትሪውም ሲሠራ ያድራል።

ቮልዩሙን ስታዞሩት ብቻ ከተንኮሻኮሸ አቧራ ነው። ለኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሆን የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ጥቂት ነፉበትና ሃያ ጊዜ ያህል ወዲህ ወዲያ አዙሩት። የሞተር ዘይት አይሆንም። የምግብ ዘይትማ ጭራሽ!

«እምምም» ይላል

የኛ መብራት በ50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ እየተመላለሰ ነው የሚሠራው፤ እምታው ከእሱ ነው የሚመጣው። የቤዝ ወፍራሙ ክር ሦስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ብረቶች ሦስተኛው) ላይ ጂ የሚባለውን ድምፅ ሲሰጥ ደግሞ 49 ኸርዝ ነው። ስለዚህ በጂ ስትጫወቱ እምታው አብሯችሁ ይዘፍናል፤ ያውም ለጥቂት ከቅኝት ወጥቶ። በጄኔሬተር ሲሆን ይባስ ይላል። ጄኔሬተሩ ጭነት ሲበዛበት ፍጥነቱ ይዋዥቃል፣ እምታውም አብሮት ይዋልላል።

እጃችሁን ክሩ ላይ አሳርፉ። እምታው ከቀነሰ የቤዙ ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚያገናኘው ሽቦ፣ ደህና ነው። ችግሩ ያለው አካባቢያችሁ ላይ ነው። ከረጃጅሞቹ አምፖሎች፣ ከስልክ ቻርጀርና ከስታቢላይዘር ራቁ። ቦታ ሳትቀይሩ ፊታችሁን ብቻ ብታዞሩ እንኳ ይለወጣል። ክሩን ስትነኩ ምንም ሳይለወጥ፣ የገመዱን ጫፍ ብረት ስትነኩ ግን ከቀነሰ፣ ከብሪጁ (ክሮቹ ከታች ከሚታሰሩበት ብረት) ስር የሚመጣው የኧርዝ ሽቦ ተቆርጧል ወይም ተላቋል። ብሪጁን ፈትቶ መበየድ ነው፤ ቀላል ሥራ ነው።

ቤዛችሁ የጃዝ ዓይነት ከሆነ፣ ማለትም ሁለት ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) እና ሁለት ቮልዩም ካለው፣ ምንም ከመፍታታችሁ በፊት ሁለቱንም ቮልዩሞች እስከ መጨረሻ ክፈቱ። ሁለቱ ፒክአፖች ተቃራኒ ሆነው የተጠመጠሙ ስለሆነ እምታቸው ይጠፋፋል። አንዱን ስትቀንሱ ተመልሶ ይመጣል። ብልሽት አይደለም፣ አሠራሩ ነው።

ማይክ ስጠጋ ከንፈሬን ነዘረኝ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አንድ ምሽት ደሴ አንድ አዳራሽ ውስጥ ዘፋኙን ልቀበል ወደ ማይኩ ጠጋ አልኩ። ከንፈሬ ብረቱን ሲነካ ወደ ኋላ ዘለልኩ። ታዳሚው እስክስታ መስሎት እልል አለ።

ምክንያቱ በኋላ ተገኘ። የኔ አምፕ ከግድግዳው ሶኬት፣ ሚክሰሩ ደግሞ በረጅም ኤክስቴንሽን ከሌላ ክፍል ነበር የተሰካው። የአምፑ ስፒና ኧርዝ የለውም፤ አንድ ሰው ሁለት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ውስጥ ለማስገባት ብሎ ቆርጦታል። ኧርዝ ሲጠፋ የአምፑ ብረት አካል ላይ ቮልት ይቀመጣል። በገመዱ በኩል ክሩ ጋ ይደርሳል። ማይኩ በሚክሰሩ በኩል ሌላ ኧርዝ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለሁት ድልድይ እኔ ነበርኩ። 220 ቮልት ሰው ይገድላል።

መፍትሄው ከመጫወት በፊት ነው የሚሠራው። አምፑንም ሚክሰሩንም ኧርዝ ያለው አንድ ሶኬት ላይ ሰኩ። ከዚያ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጉ፤ አንዱን ጫፍ ክሩ ላይ፣ ሌላውን ማይኩ ወንፊት ላይ። ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። ከጥቂት ቮልት ካለፈ አትጫወቱ። የሙሽራው አጎት ቢቆጣ ይቆጣ፤ ኤሌክትሪሺያን ይጠራ። የማይኩን ራስ በስፖንጅ መሸፈን ንዝረቱን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። የስፒናውን ኧርዝ ቆርጦ «እምታው ጠፋ» የሚል ሰው ካያችሁ ገመዳችሁን ይዛችሁ ሽሹ።

ደሴ ቃኝቼው ኮምቦልቻ ወረደብኝ

የጥር ሰርግ። ጠዋት ደሴ፣ ብርዱ ጣት ያደርቃል፤ ቤት ውስጥ ቅኝት በሚለካው ቲዩነር ልክክ አድርጋችሁ ትቃኛላችሁ። ከ2,500 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ጠመዝማዛውን ወርዳችሁ 1,850 ሜትር አካባቢ ትገባላችሁ። መንገዱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ኮምቦልቻ በቀትር፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሌላ አገር ነው። ዘፋኙ ዞር ብሎ በዓይኑ ይገላምጣችኋል፤ ቤዙ ወርዷል።

ማንም አላበላሸውም። ክሩ ብረት ነው፤ ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ውጥረቱ ይላላል፣ ድምፁ ይወርዳል። ማታ ቅዝቃዜ ሲመጣ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። እንደደረሳችሁ ቤዙን ከቦርሳው አውጡና ምሳው እስኪቀርብ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። የሚጫወትበትን ቦታ ሙቀት ከያዘ በኋላ ቃኙ። በመኪና የዕቃ መጫኛ ውስጥ ፀሐይ ላይ ትታችሁት እንዳትሄዱ፤ ሙጫው ይላላል።

የክረምቱ ግን ሌላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ጭጋግና ዝናብ ነው። እንጨቱ እርጥበት ይጠጣል፣ አንገቱ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። በጋ ሲገባ ደርቆ ይኮማተራል፤ የፍሬቶቹ ጫፍ ወጣ ወጣ ብሎ መዳፍ ይቧጭራል። ለዚህ ነው እኔ በዓመት ሁለቴ፣ መስከረም መጨረሻና ሰኔ ላይ፣ አንገቱን የማየው።

ክሩ «ዝዝ» ይላል፤ ወይም በጣም ከፍ ብሎ ጣት ይጨርሳል

ክር ሲንቀጠቀጥ መሐሉ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ አንገቱ በጣም ቀጥ ማለት የለበትም፤ በጥቂቱ ወደ ፊት መጎበጥ አለበት። ጉብጠቱን የሚቆጣጠረው ውስጡ የተቀበረው ብረት፣ ትረስ ሮድ፣ ነው።

መጀመሪያ ለኩ። ቤዙ በቅኝቱ እንዳለ፣ በአንድ እጅ ወፍራሙን ክር አንደኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው እጅ መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኑ። ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ሰው ይይላችሁ። ቢዝነስ ካርድ ሳይጨናነቅ ማለፍ አለበት፤ 0.35 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መካኒክ ወዳጅ ካላችሁ የቫልቭ ክፍተት የሚለካባቸውን ስስ ብረቶች ተዋሱት።

ክፍተቱ ከሌለ ትረስ ሮዱን ወደ ግራ አላሉት። ከበዛ ወደ ቀኝ አጥብቁት። መፍቻው በብዙዎቹ ላይ ባለ ስድስት ጎን ኤል ቅርጽ ነው፤ ልኩን የጠበቀ ይሁን፣ ካልሆነ ቀዳዳውን ይበላዋል። ሩብ ዙር ብቻ! ከዚያ እንደገና ቃኙ፣ እንደገና ለኩ። እንጨቱ ለመረጋጋት ሰዓታት ስለሚፈልግ ነገም እዩት። ከሰርጉ አንድ ሰዓት በፊት ይህን የሚጀምር ሰው በራሱ ላይ ይፈርዳል። እምቢ ብሎ ከጠነከረ አቁሙ፤ የተሰበረ ትረስ ሮድ ከቤዙ ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል።

አንገቱ ደህና ሆኖ አሁንም ዝዝ ካለ ቦታውን ለዩ። ከ12ኛው ፍሬት በላይ ብቻ ከሆነ ብሪጁ ላይ ክሩን የሚሸከመው ትንሽ ብረት ዝቅ ብሏል። ፈረንጆቹ ሳድል ይሉታል፤ የወሎ ሰው ፈረስ ያውቃልና ኮርቻ እንበለው። ኮርቻውን ከፍ አድርጉ። 17ኛው ፍሬት ላይ ወፍራሙ ክር 2.4፣ ቀጭኑ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ለአብዛኛው እጅ ይስማማል። አንድ ፍሬት ላይ ብቻ ከሆነ ቀጥሎ ያለው ፍሬት ወጥቷል። ባዶ ክር ሲመታ ብቻ ከሆነ ከመቃኛዎቹ ስር ያለው ነት በጥልቀት ተበልቷል። እነዚህ ሁለቱ የባለሙያ ሥራ ናቸው፤ በብርጭቆ ወረቀት አትፋለሙ።

አምፕ ውስጥ የማይሰማ ትንሽ ዝዝታ ግን ተዉት። ሰርግ ላይ ማንም ጆሮውን ቤዙ ላይ አይለጥፍም።

ባዶው ክር ልክ ነው፤ ወደ ላይ ስወጣ ይበላሻል

12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነካ ብቻ አድርጋችሁ ምቱ፤ ሃርሞኒክ የሚባለው ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ከዚያ እዚያው ተጭናችሁ ምቱ። ሁለቱ በቲዩነሩ ላይ እኩል መሆን አለባቸው። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ኮርቻውን ከአንገቱ አርቁት፤ ዝቅ ካለ አቅርቡት። በነካችሁት ቁጥር እንደገና ቃኙ። ባረጀ ክር ግን አትድከሙ፤ አይገጥምላችሁም።

ትዝታ ወይም አምባሰል ላይ ይህ ስህተት ይብሳል። ቤዙ አንዷን ድምፅ ረጅም ይዞ ይቆያል፤ መሰንቆው ከላይ ልኩን እየጎተተ ነው። መደበቂያ የለም።

ሚክሰር ላይ ቀጥታ ስሰካው ይቀጥናል

ባትሪ የሌለው ቤዝ ለሚክሰሩ ተራ መግቢያ አይመችም፤ ጉልበቱን ይበላዋል። በመካከል ዲአይ ቦክስ፣ ማለትም የቤዙን ድምፅ ለሚክሰሩ የሚያመቻች ትንሽ ሳጥን፣ ይግባ። በጊታር አምፕ መጫወትም ይቻላል፣ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ፤ ስፒከሩ የቤዝ ግፊት አይችልም።

ድምፁ ደነዘዘ

ክሩ ቆሽሿል። በተጫወታችሁ ቁጥር በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ፈትቶ ለአሥር ደቂቃ መቀቀል ያነቃዋል፣ በደንብ ካደረቃችሁት። ለጥቂት ሰርግ ነው የሚያገለግላችሁ። አዲስ ስትገጥሙ ከመቁረጣችሁ በፊት ጫፉን እጠፉት፤ አለዚያ ጥምጥሙ ይተረተራል። ቀጭኑ ክር ላይ አምስተኛው እስከ ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ አንዷ ድምፅ ቶሎ ብትሞትባችሁ ደግሞ ክሩን አትውቀሱ። ብዙ ቤዝ ላይ ያለ የእንጨቱ ጠባይ ነው፤ ያቺን ድምፅ ሌላ ክር ላይ ፈልጓት።

ገና ልትገዙ ከሆነ

ባለ 5 ክር ቤዝ ያምራል። ግን ዝቅተኛው ክር 31 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ አብዛኛው የሰርግ ስፒከር አያወጣውም። ገንዘባችሁን ለማይሰማ ድምፅ ነው የምትከፍሉት። እኔ ለጀማሪ የምለው ባለ 4 ክር፣ ባትሪ የሌለው፣ የፕሪሲዥን ዓይነት ነው። ፌንደር የተባለው ጊታር ሠሪ በ1951 ያወጣው ይህ ቤዝ ከ1957 ጀምሮ ለሁለት የተከፈለ ፒክአፕ አለው፤ እምታውን ራሱ ያጠፋል። አንድ ቮልዩም፣ አንድ ቶን። የሚበላሽ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። እጃችሁ አጭር ከሆነ ክሩ 86 ሳይሆን 76 ሳንቲ የሚሆነውን አጭሩን ጠይቁ።

ያገለገለ ስትገዙ የራሳችሁን ገመድ ይዛችሁ ሂዱ። እያንዳንዱን ፍሬት በእያንዳንዱ ክር ምቱ፣ ሻጩ ቢሰለችም። በመጨረሻ ትረስ ሮዱን እሱ ራሱ ፊታችሁ ሩብ ዙር ያላላውና ይመልሰው። «አይነካም፣ ይሰበራል» ካለ ሻይ ጋብዙትና ያለ ቤዝ ውጡ።