የቤት ሽያጭና የኪራይ ውል ሲፈርስ፦ የፈረመ ሁሉ ፈርሞ ይውጣ

«ትተነዋል» ተባብሎ በመለያየት ብቻ ውል ፈረሰ አይባልም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845 ከውል የሚመነጭ ጥያቄ ይርጋው (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) በመርህ ደረጃ 10 ዓመት ነው። በቃል የተሰናበተ ገዥ የቤቱ ዋጋ እጥፍ ሲሆን ያንኑ ወረቀት ይዞ ሊመጣ ይችላል።

መጀመሪያ ዋናውን ውል ዘርግታችሁ ፊርማ ያኖረውን ሁሉ በስም ጻፉ፤ ሻጭ፣ ገዥ፣ ባልና ሚስት፣ ወኪል፣ ዋስ። የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥም ለማከራየትም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) አንቀጽ 68 የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ስለዚህ ሲፈርስም ሁለቱም ይፈርሙ። ከውጭ አገር በውክልና የሚሠራ ዘመድ ካለ የውክልናውን ቃል አንብቡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ቤት ለመሸጥም ሆነ በስምምነት ለመጨረስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። «እንዲሸጥልኝ» ብቻ የሚል ውክልና «ውል እንዲያፈርስልኝ፣ ገንዘብ እንዲመልስልኝ» የሚለውን አይሸፍንም።

አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ውሉ እዚያ ከተመዘገበ ማፍረሻውም እዚያው ይመዝገብ፤ የመጀመሪያው ውል ቁጥርና ቀን በማፍረሻው ላይ ይጠቀስ። ቤት ውስጥ በሁለት ምስክር የተፈረመ ማፍረሻ መዝገቡን አያጸዳም።

ብዙ ሰው የሚጣላው በቀብድ ላይ ነው። በአንቀጽ 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ውሉን ሲተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለ ሲተው እጥፍ ይመልሳል። 300,000 ብር የተቀበለ ሻጭ ሲተው 600,000 ይከፍላል ማለት ነው። በስምምነት ስታፈርሱ ይህን በግልጽ ካልዘጋችሁት፣ 300,000ውን የተቀበለ ገዥ ነገ ቀሪውን 300,000 ሊጠይቅ ይችላል። ውሉ «ቀብድ» ይላል ወይስ «ቅድሚያ ክፍያ»? በዚህ ቃል ላይ ብዙ ክርክር ይነሳልና አጥርታችሁ አንብቡ። የምንመክረው አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦

«በ12/03/2016 ዓ.ም. ያደረግነውን የቤት ሽያጭ ውል በሙሉ ፈቃዳችን አፍርሰናል። ሻጭ የተቀበልኩትን ብር 300,000 (ሦስት መቶ ሺህ) ዛሬ መልሻለሁ፤ እኔም ገዥ ተቀብያለሁ። ከዚህ ውል የሚመነጭ የቤት፣ የቀብድ እጥፍ፣ የመቀጫም ሆነ የኪሣራ ጥያቄ አንዳችን በሌላችን ላይ የለንም፤ ወደፊትም አናቀርብም።»

ገንዘቡ በሲፒኦ (ባንክ በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) ወይም በባንክ ዝውውር ይሁን። ፊርማውም ገንዘቡ ከገባ በኋላ፣ በዚያው ሰዓት ይፈረም። «ነገ አስገባለሁ» ለሚል ሰው «ተቀብያለሁ» ብላችሁ አትፈርሙ።

ሻጭ ለገዥ «ሽጦ እንዲለውጥ» ውክልና ሰጥቶ ከሆነ ግን የሽያጭ ውሉ መፍረስ ብቻውን አይበቃም። ውክልናው በእጁ እስካለ ድረስ ገዥው ቤቱን ለሦስተኛ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። በዚያው ቀን ውክልናውን በውልና ማስረጃ አሽሩ፤ ዋናውን ውክልና፣ ካርታውንና የግብር ደረሰኞቹን ተረከቡ፤ የመሻሪያውን ቅጂ ካርታው ላለበት የይዞታ ጽሕፈት ቤት አስገቡ። ይህ እርምጃ አንድ ሳምንት እንኳ ማደር የለበትም።

በመኖሪያ ቤት ኪራይ ረገድ አዋጅ 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ተከራዩ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ቤቱ ስለተሸጠ ብቻ ተከራይ በማግስቱ ይወጣል ማለት አይደለም። ባለ ተከራይ ቤት የምትገዙ ከሆነ ቀብድ ሳትሰጡ ሻጭ፣ ተከራይና እናንተ አብራችሁ የመልቀቂያ ቀን ፈርሙ። በርክክቡ ዕለት የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ንባብ፣ የቁልፍ ብዛት፣ የተመለሰ ቅድሚያ ኪራይ ይጻፍ፤ ውሉ የተመዘገበበት ቦታ ሄዳችሁም መቋረጡን አስመዝግቡ።

ተከራይ በቦታው ሌላ ሰው ሲተካ የሚሠራውን ስህተት ልብ በሉ። አከራይ ከአዲሱ ሰው ኪራይ ስለተቀበለ የቀድሞው ነጻ ወጣ አይባልም፤ ግዴታ በሌላ መተካቱ በግልጽ መነገር አለበት። «የቀድሞውን ተከራይና ዋሱን ከዚህ ቀን ጀምሮ ከማናቸውም ግዴታ አሰናብቻለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከአከራዩ ፊርማ ጋር ያዙ። ለአዲሱ ተከራይም አዲስ ዋስ ይቅረብ፤ የቀድሞው ዋስ ሳይፈርም ላልገባበት ሰው ዕዳ አይጠየቅም።

ሌላው ወገን አልፈርም ካለ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡ፤ ምን እንዲፈጽም፣ እስከ መቼ እንደሆነ ይገለጽ። የደረሰበትን ማስረጃ ያዙ። ቀኑ ካለፈ ውሉ እንዲፈርስ ለፍርድ ቤት ማመልከት ነው እንጂ ቁልፍ መቀየር ወይም መብራት መቁረጥ በደለኛውን ወገን ከሳሽ ያደርገዋል።