የሆርሞን ሕመም ላለበት ታካሚ ሰመመን ሲሰጥ፦ ሥራው ከዋዜማው ይጀምራል

የስኳር፣ የእንቅርት ወይም የአድሬናል ዕጢ ሕመም ያለበትን ሰው ለሰመመን ማዘጋጀት የሚጀመረው በዋዜማው ምሽት፣ ከአልጋው አጠገብ ነው። በመሀል አዲስ አበባ ሆስፒታሎች «መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» ተብሎ የተጠየቀ ታካሚ ብዙውን ጊዜ «አዎ» ይላል፤ «እማማ፣ መጨረሻ የወሰዱት መቼ ነው?» ሲባል ግን በጾም ወይም በፀበል ምክንያት የተቋረጠው ይወጣል።

የስኳር ታካሚ ረጅም ጊዜ ሳይበላ እንዳይቆይ የጠዋቱ የመጀመሪያ ተራ ይያዝለት። የስኳር ክኒኑ ሜትፎርሚን በዕለቱ አይሰጥም። የጠዋቱ ኤንፒኤች ኢንሱሊን (መካከለኛ ጊዜ የሚሠራው ዓይነት) በግማሽ ይቀነሳል፤ ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው ግን ኢንሱሊኑ ጨርሶ ሊቋረጥበት አይገባም። ሰመመን ላይ ያለ ሰው ስኳሩ ሲወርድ «ራሴን አዞረኝ» ስለማይል፣ በየሰዓቱ እየለኩ ከ100 እስከ 180 ሚሊግራም በዴሲሊትር መካከል ማቆየት፣ 40 በመቶ ግሉኮስም በቅርብ ማኖር ያስፈልጋል።

ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም በቀን 5 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ፕሬድኒሶሎን (የአድሬናል ዕጢን ሥራ የሚያዳክም ስቴሮይድ) ከአራት ሳምንት በላይ የወሰደ አዋቂ፣ ከባድ ቀዶ ጥገና ሲደረግለት ሰመመኑ ሲጀመር የዕጢውን ሆርሞን የሚተካ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን በደም ሥር ይሰጠዋል። ፊዮክሮሞሳይቶማ (አድሬናሊን መሰል ሆርሞኖችን የሚያመነጭ የአድሬናል ዕጢ እባጭ) ካለ ደግሞ የደም ሥርን የሚያሰፋው አልፋ አጋጅ መድኃኒት ሳይቀድም የልብ ምትን የሚያዘገየው ቤታ አጋጅ አይጀመርም።

እንቅርት ሰፋ ያለ ጥንቃቄ ይሻል። ታካሚዋ «ያለ ሁለት ትራስ እንቅልፍ አይወስደኝም» ካለች፣ የአንገትና የደረት ራጅ ታይቶ የአየር ቧንቧው መጥበቡና ወደ ጎን መገፋቱ መመርመር፣ ቀጫጭን ቱቦዎችም መዘጋጀት አለባቸው፤ እንዲህ ያለችን ታካሚ አስተኝቶ ጡንቻዋን ካላሉ በኋላ ስለ አየር ቧንቧው ማሰብ ዘግይቶ መንቃት ነው። መዳፏ በላብ ከራሰ፣ እጇ ከተንቀጠቀጠ፣ የልብ ምቷም በዕረፍት ላይ ከፈጠነ ሆርሞኑ ገና አልተስተካከለም፤ አስቸኳይ ካልሆነ፣ ወረፋ ስትጠብቅ ወራት ብታሳልፍም እንኳ ቀጠሮውን ማራዘም ይሻላል ባይ ነኝ። የእንቅርት ሆርሞንን የሚቀንሰው ፒቲዩና የልብ ምትን የሚያዘገየው ፕሮፕራኖሎል በዕለቱ ጠዋት በጥቂት ውኃ ይወሰዳሉ። ሆርሞኑ ሳይስተካከል ከተሠራላት፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ትኩሳትና የልብ መፍጠን ከመጣ የታይሮይድ ማዕበል (የእንቅርት ሆርሞን በድንገት በዝቶ ሕይወትን የሚያሰጋበት ሁኔታ) መጠርጠር አለበት።

እንቅርቷ ወጥቶላት ወደ ዋርድ ስትሄድ የስፌት መቁረጫ መቀስ አብሯት ይሂድ፤ አንገቷ አብጦ ትንፋሽ ካጠራት ተረኛው ኦክስጅን ሰጥቶ፣ እርዳታ ጠርቶ፣ ስፌቱን እዚያው አልጋዋ ላይ ይፈታል እንጂ የቀዶ ጥገና ክፍል እስኪለቀቅ አይጠብቅም። በማግስቱም ሆነ በሦስተኛው ቀን «ከንፈሬንና ጣቶቼን ነዘረኝ» ካለች፣ ካልሲየሟ ይለካ።