የጡረታ፣ የጤና መድንና የሴፍቲኔት መዝገቦችን አገናኝቶ ለአረጋውያን ማቀድ፦ እንዴት ነው የሚሠራው?

አንድ እናት አስቡ፤ ዕድሜያቸው 70 አልፏል። ባለቤታቸው የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበሩ የእሳቸውም ስም በጡረታ ማኅደር ውስጥ አለ። የጤና መድን መዋጮ የሚከፍሉት ባለቤታቸው ነበሩ፣ ደብተሩም በባላቸው ስም ነው። ቀበሌው ለሴፍቲኔት ሲመዘግብ ደግሞ "ባላቸው ጡረታ ያገኛሉ" ብሎ አለፋቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆነ። ሦስት ቢሮ ስማቸውን ያውቃል። አሁን በምን እንደሚኖሩ የሚያውቅ ግን የለም።

እንዲህ ያሉ ሰዎች ስንት ናቸው? የት የት ነው ያሉት? አገራችን የሕዝብ ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም ነው፤ ያኔ 45 ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ 60 አልፏል። ስለዚህ ቆጠራ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ በየቢሮው ተበታትኖ ያለውን መዝገብ ማገናኘት ይሻላል። በማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ የምትሠሩ ከሆነ ወይም ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ አካሄዱ እንዲህ ነው።

1. ጥያቄውን መጀመሪያ ጻፉት

"ዳታውን እናገናኘውና የሚወጣውን እናያለን" አይሠራም። ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለበት። ለምሳሌ፦ "ከ60 ዓመት በላይ ሆነው ጡረታም፣ የጤና መድንም፣ የሴፍቲኔት ድጋፍም የሌላቸው ሰዎች በየትኛው ወረዳ ይበዛሉ?" ይህ ጥያቄ የትኛው መዝገብ እንደሚያስፈልግና የትኛው እንደማያስፈልግ ራሱ ይነግራችኋል።

2. እያንዳንዱ መዝገብ ማንን እንደማያይ እወቁ

የጡረታ መዝገብ የሚያውቀው ደመወዝተኛ የነበረውን ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ እንኳ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም ነው። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ጉሊት የቸረቸረችው ሴት እዚያ ውስጥ የሉም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚመዘግበው በቤተሰብ ስለሆነ አያት በልጃቸው ደብተር ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ልደትና ሞት በአገር ደረጃ በወጥነት መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ነው፤ እናም የዛሬ አረጋዊ ሲወለድ የተሰጠው የልደት ሰርተፊኬት ብዙ ጊዜ የለውም።

3. ፈቃድ፣ ከዚያም ስምን ከኑሮ መለየት

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ቢሮዎቹ ምን እንደሚሰጣጡ፣ ለምን እንደሚጠቀሙበትና መቼ እንደሚያጠፉት በጽሑፍ ይስማሙ። ለጥያቄያችሁ የማያስፈልገውን አትውሰዱ። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ምን ያደርግላችኋል?

በምዕራብ አውስትራሊያ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መዝገብ ሲያገናኙ ሥራውን ለሁለት ይከፍሉታል፤ ይህ በጣም የምወደው አሠራር ነው። አገናኙ ቡድን የሚያየው ስም፣ የትውልድ ቀንና የመሳሰለውን መለያ ብቻ ነው፣ ሰውየው ምን እንደታመመ አያይም። ተንታኙ ደግሞ ሕመሙንና ገቢውን ያያል፣ ስም ግን አይደርሰውም፤ የሚደርሰው ለዚያ ጥናት ብቻ የተሰጠ ኮድ ነው። አንድም ሰው ሁለቱን አብሮ አያይም። የጎረቤታችሁ አባት ፋይል ጠረጴዛችሁ ላይ ሊመጣ እንደሚችል ካሰባችሁ ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባችኋል።

4. ስሙንና ዘመኑን ማጽዳት

ጊዜያችሁ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ ይለቅ። ለዚህ ሥራ ስትበጅቱ አትሰስቱ።

ስም እንይ። ፀሐይ፣ ጸሀይ፣ ጸሃይ፦ ለኮምፒዩተር ሦስት የተለያዩ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ቅጂ አውጡና በእሱ ላይ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይሩ፤ ከነዘሮቻቸው። ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ሃንም ወደ ሀ፣ ኣንም ወደ አ። ዋናውን አትንኩት። ወ/ማርያም፣ ወልደማርያም እና ወልደ ማርያም አንድ ይሁኑ። አቶ፣ ወይዘሮ፣ ሼህ፣ መምሬ የሚሉት ከስሙ ይነጠሉ። አንዱ መዝገብ በአማርኛ ሌላው በላቲን ፊደል ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ወደ አንድ አጻጻፍ የሚያመጣ ሕግ ያስፈልጋል። አንድ የሚያግዘን ነገር አለ፤ ሴቶቻችን ሲያገቡ ስማቸውን አይቀይሩም፣ የአባትና የአያት ስም እስከ መጨረሻው አብሯቸው ይኖራል።

ዘመን ከስም የባሰ ነው። አንድ መዝገብ ላይ "1962" ተብሎ ተጽፏል እንበል። እ.ኤ.አ. ከሆነና ሰውየው ጥር ላይ ከተወለዱ በእኛ 1954 ነው፤ በ2018 ዓ.ም 64 ዓመታቸው ይሆናል። ሳታረጋግጡ የእኛ አቆጣጠር ነው ብላችሁ ከወሰዳችሁት ግን 56 ሆነው ከዝርዝሩ ይወጣሉ። በአንዲት ያልተጻፈች "እ.ኤ.አ." ምክንያት አንድ አረጋዊ ቀሩ ማለት ነው።

ብዙዎቹ ደግሞ የትውልድ ዘመናቸውን አያውቁትም። ሲጠየቁ 60፣ 65፣ 70 ይላሉ፣ ጸሐፊውም ያንኑ ይጽፋል። ስለዚህ ዕድሜን እንደ ሚስማር አትምቱት፤ የአምስት ዓመት ልዩነት ይፈቀድለት። ምዝገባው ገና የሚካሄድ ከሆነማ "ስንት ዓመትዎ ነው?" ብቻ አትበሉ። "የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ምን ያህል ነበሩ? ንጉሡ ሲወርዱ ልጅ ወልደው ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። በመስከረም 1967 ሁለት ልጅ የነበራት ሴት ዛሬ 60 ዓመቷ ሊሆን አይችልም።

5. ማገናኘት

በሁለቱም መዝገብ የፋይዳ ቁጥር ካለ ግማሹ መንገድ አለቀ። ዴንማርኮች ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለነዋሪው ሁሉ አንድ ቁጥር ስለሚሰጡ ይህ ሥራ ለእነሱ ቀላል ነው። የእኛ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ የወጣው በ2015 ዓ.ም ስለሆነ የቆዩ ፋይሎች ላይ ቁጥሩን አትጠብቁ።

ቁጥር ከሌለ በስም፣ በጾታ፣ በዕድሜና በአድራሻ ነው። የ100 ሺህ ሰው መዝገብ ከ50 ሺህ ሰው መዝገብ ጋር አንድ በአንድ ቢነጻጸር 5 ቢሊዮን ጥንድ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በወረዳና በጾታ ከፋፍሉት። ከዚያ ለእያንዳንዱ ተመሳሳይነት ነጥብ ስጡ። ይህን ዘዴ ኢቫን ፌሌጊና አላን ሰንተር የተባሉ የካናዳ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በ1969 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል፤ ሐሳቡ ቀላል ነው። ሁለት "ከበደ" መመሳሰላቸው ብዙ አይነግረንም፣ ከበደ የሌለበት ሰፈር የለማ! በአካባቢው ብርቅ የሆነ ስም ከነአያቱ ከተመሳሰለ ግን ትልቅ ነጥብ ነው። ስፕሊንክ የሚባል የእንግሊዝ ፍትሕ ሚኒስቴር ያዘጋጀው ነፃ ሶፍትዌር ይህንኑ ይሠራል።

ነጥባቸው መሐል ላይ የዋለ ጥንዶችን ሁለት ሰዎች ለየብቻ በዓይናቸው ይፈትሹ።

6. ያልተገናኙትን አትጣሉ

በጣም የምለምናችሁ ይህንን ነው። ብዙ ሰው "ያልተዛመደ" የሚለውን ረድፍ ሰርዞ ይሄዳል። እዚያ ረድፍ ላይ ያሉት እነማን ናቸው? መታወቂያ የሌላቸው፣ ከገጠር ልጃቸው ጋር ለመኖር የመጡ፣ ስማቸው በባላቸው ስር የተጻፈ፣ ዕድሜያቸውን የማያውቁ። ድጋፉ መድረስ ያለበትም ለእነሱ ነው። ስለዚህ በጾታ፣ በዕድሜና በወረዳ ለይታችሁ ቁጠሯቸው። በአንድ ወረዳ ሴቶቹ ከወንዶቹ በብዛት ሳይገናኙ ከቀሩ ችግሩ ከመዝገቡ ነውና ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ። ውጤቱን ስትጽፉም ቁጥራቸው ከዋናው ሠንጠረዥ ጎን ይቀመጥ።

7. ለወሳኙ ሰው ማድረስ

ሠንጠረዡ ላይ በጣም ትንሽ ቁጥር ከመጣ፣ ለምሳሌ በአንድ ቀበሌ ሁለት ሰው ብቻ ከሆነ፣ ከጎረቤት ቀበሌ ጋር ደምሩት፤ አለበለዚያ ሰፈርተኛው እነማን እንደሆኑ ያውቃል።

የሞት ምዝገባ ከጡረታ መዝገብ ጋር ሲገናኝ አለቆች ቶሎ የሚታያቸው የሞተ ሰው ክፍያ ማቆም ነው። ይቁም። ግን ያው መረጃ የተተኪ ጡረታ (ከሟች ለቤተሰቡ የሚተላለፈው) መብት ኖሯቸው ያልጠየቁ ባልቴቶች ስንት እንደሆኑና በየትኛው ወረዳ እንዳሉ ይናገራል። ሪፖርቱ ላይ ሁለቱን ቁጥር አንድ ገጽ ላይ ጻፏቸው። ወረዳው ያንን ገጽ ይዞ በየቀበሌው ማኅበራዊ ሠራተኛ ሲልክ፣ ያቺ የ70 ዓመት እናት በር ይንኳኳል።