አጋታ ክሪስቲን ከሕይወቷ ጋር አጣምሮ ለማንበብ

አጋታ ክሪስቲ 66 የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶችንና 14 የአጫጭር ልብ ወለድ መድብሎችን ትታልን አልፋለች፤ መጻሕፍቷም በመላው ዓለም ከሁለት ቢሊዮን ቅጂ በላይ እንደተሸጡ ይገመታል። ይህን ያህል ሥራ ፊቱ የተደቀነበት አዲስ አንባቢ ከየት እንደሚጀምር ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ብዙዎች እጃቸው የገባውን መጽሐፍ አንሥተው፣ ገዳዩን ለማወቅ እየተቻኮሉ ገጽ ገልብጠው፣ ምስጢሩ ሲገለጥላቸው መጽሐፉን ከድነው ያስቀምጡታል። እንዲህ ማንበብም ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን የደራሲዋ ጥበብ ትልቁ ክፍል ያመልጣል። ክሪስቲ እውነቱን ከዓይናችን ፊት ታስቀምጥና ሳናየው እንድናልፍ ታደርጋለች፤ ይህን ጥበብ ከምን እንዳዳበረችው ለማስተዋል ደግሞ ሕይወቷንና መጻሕፍቷን ጎን ለጎን መከተል ይረዳል። ከዚህ በታች የማቀርበው የንባብ መንገድ የተዘጋጀው በዚሁ ሐሳብ ሲሆን የየትኛውንም መጽሐፍ ገዳይ አይገልጽም። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው የመድኃኒት ክፍል ነው። ክሪስቲ መስከረም 15 ቀን 1890 በደቡብ እንግሊዝ፣ በዴቨን ግዛት በምትገኘው ቶርኪ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ተወለደች፤ ትምህርቷንም በአብዛኛው በቤቷ ተከታተለች። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በከተማዋ ሆስፒታል በበጎ ፈቃድ ቁስለኞችን ስታስታምም ቆይታ ወደ መድኃኒት ማደያው ተዛወረች፤ በ1917ም የመድኃኒት ቀማሚዎችን ፈተና አለፈች። በግለ ታሪኳ ከዚያ ዘመን የምታወሳው አንድ ገጠመኝ አለ። ሙያውን ያስተምራት የነበረው ፋርማሲስት በፊንጢጣ የሚሰጥ መድኃኒት ሲያዘጋጅ የአሥርዮሽ ነጥቡን በማሳሳቱ መጠኑን በአሥር እጥፍ አበዛው። ተማሪዋ ስሕተቱን አየች፤ ሰውየው ግን አይሳሳትም የሚባል፣ በራሱ እጅግ የሚተማመን ሰው ስለነበር ለመናገር አልደፈረችም። ስለዚህ የተደናቀፈች መስላ ትሪውን ገለበጠችው፤ የወደቀውንም በጫማዋ ረገጠችው። ይኸው ሰው ኩራሬ የተባለውን መርዝ በኪሱ ይዞ ይዞር የነበረ ሲሆን፣ ለምን እንደሚይዘው ሲናገርም ኃያልነት እንዲሰማው እንደሚያደርገው ነግሯታል። ክሪስቲ ይህን ሰው ለአርባ ዓመታት ያህል ሳትረሳው ኖራ፣ ስሙን ከዮሐንስ ራእይ በወሰደው በ1961ዱ «ሐመር ፈረስ» ላይ ተጠቀመችበት። ታሊየም ስለተባለው መርዝ በዚያ መጽሐፍ የጻፈችው በጥንቃቄ የተጠና ስለነበር፣ በ1977 አንዲት የለንደን ነርስ ሐኪሞችን ግራ ያጋባውን የአንዲት ሕፃን ሕመም ምልክቶች ከመጽሐፉ ጋር አመሳክራ የመርዙን ምንነት ለማወቅ ረድታለች።

እንግዲህ በመጀመሪያ የሚነበበው «በስታይልስ የተፈጸመው ምስጢራዊ ጉዳይ» ነው። ክሪስቲ በ1916፣ በመድኃኒቶቹ መካከል ሆና ጀመረችው፤ በርካታ አሳታሚዎች ከመለሱባት በኋላም በ1920 ታተመ። ቤልጅየማዊው መርማሪ ኤርኩል ፑዋሮ የተወለደውም በዚህ መጽሐፍ ነው፤ በጦርነቱ ምክንያት ቶርኪ ከገቡት የቤልጅየም ስደተኞች ሐሳቡን አገኘችው። መጽሐፉ ከሥራዎቿ ሁሉ የላቀው ነው አልልም፤ ገጸ ባሕርያቱ ይበዛሉ፣ አንዳንዱ ፍንጭም ከልክ በላይ የተወሳሰበ ነው። ሆኖም የማንበብ ልምድን ለማስያዝ ከእርሱ የሚሻል አላገኘሁም። እርሳስ ይያዙ። ጠርሙስ፣ ሲኒ፣ ብልቃጥ ወይም የመድኃኒት ዱቄት በተጠቀሰ ቁጥር በኅዳጉ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ማን እንደያዘው፣ የት እንደነበረና በስንት ሰዓት እንደታየም አጠር አድርገው ይጻፉ። ገዳዩን ለመገመት ግን አይጣደፉ፤ በዚህ የመጀመሪያ ንባብ ዓላማው ዓይንን ማሠልጠን ብቻ ነው።

ቀጥሎ «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» ይነበብ። ይህ በ1926 የታተመ ሥራ በዘርፉ ታሪክ ውስጥ እጅግ ካከራከሩት መጻሕፍት አንዱ ስለሆነ፣ መጨረሻውን ሌላ ሰው ሳይነግርዎ በፊት ቢደርሱበት ይሻላል። እኔ ሳነብበው አንድ ወዳጄ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ ያጣሁትን የመጀመሪያ ንባብ ዛሬም እቆጭበታለሁ። ስለዚህ መቅድም ካለው ይዝለሉት፤ የጀርባ ሽፋኑንም አያንብቡ።

ይኸው 1926 ለደራሲዋ የመከራ ዓመት ነበር። እናቷ ሞቱ፤ ባለቤቷ አርቺባልድ ክሪስቲም ሌላ ሴት መውደዱን ገልጾ ፍቺ ጠየቀ። ታኅሣሥ 3 ሌሊት ከቤቷ ወጣች፤ መኪናዋ በሰሪ ግዛት ተትታ ስትገኝ አገር በሙሉ ፍለጋ ወጣ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ በሰሜን እንግሊዝ፣ በሃሮጌት ከተማ በሚገኝ ሆቴል ውስጥ፣ የባለቤቷን ወዳጅ የቤተሰብ ስም ይዛ ተገኘች። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተጽፏል፤ እርሷ ግን በግለ ታሪኳ ምንም ሳትል አልፋዋለች። አንባቢም ይህን ዝምታ ቢያከብርላት ደስ ይለኛል። ኀዘኗን ከራሷ ብዕር መስማት የሚፈልግ ሰው፣ ሜሪ ዌስትማኮት በሚል የብዕር ስም ከጻፈቻቸው ስድስት ልብ ወለዶች መካከል በ1934 የታተመውን «ያልተጠናቀቀ ምስል» ይፈልግ። ትዳሩ በ1928 ፈረሰ።

በዚያው ዓመት መጸው ክሪስቲ ብቻዋን በኦሪየንት ኤክስፕረስ ባቡር ተሳፍራ እስከ ባግዳድ ተጓዘች፤ በኢራቅ በምትገኘው በጥንታዊቷ የኡር ከተማ የነበረውንም የቁፋሮ ሥፍራ ጎበኘች። በ1930 ተመልሳ ስትሄድ በዕድሜ 14 ዓመት ከሚያንሳት አርኪዮሎጂስት ከማክስ ማሎዋን ጋር ተዋወቀች፤ በዚያው ዓመትም ተጋቡ። በሶርያና በኢራቅ ቁፋሮዎች አብራው እየዋለች ፎቶግራፍ ታነሣና የተገኙትን ቅርሶች ታጸዳ ነበር፤ በኒምሩድ የወጡትን የዝሆን ጥርስ ቅርጻ ቅርጾች በፊት ክሬም አፈራቸውን እንዳስለቀቀች ራሷ ጽፋለች። «ግድያ በኦሪየንት ኤክስፕረስ» በ1934፣ «ሞት በናይል ላይ» ደግሞ በ1937 የታተሙት ከእነዚህ ጉዞዎች በኋላ ነው። ሁለቱም ሰዎች መውጫ በሌለበት ቦታ፣ አንዱ በበረዶ በታገደ ባቡር፣ ሌላው በወንዝ መርከብ፣ የተሰበሰቡባቸው ታሪኮች ናቸው። የባቡሩን ታሪክ ሲያነቡ የፉርጎውን ንድፍ በወረቀት ይሣሉና በየመኝታ ክፍሉ ላይ የተሳፋሪውን ስም ይጻፉ።

ከሁሉ አስበልጬ የምወደውና ብዙ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል የምለው በ1942 የታተመው «አምስት ትናንሽ አሳማዎች» ነው። አንድ ታዋቂ ሠዓሊ በመርዝ ከሞተ አሥራ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ሚስቱ ተፈርዶባት በእስር ቤት ሞታለች፤ ልጃቸው አድጋ እውነቱን እንዲፈልግላት ፑዋሮን ትለምነዋለች። የሚመረመር አሻራ የለም፤ የቀረው የሰው ትዝታ ብቻ ነው። ፑዋሮ በዕለቱ የነበሩትን አምስት ሰዎች የሚያስታውሱትን እንዲጽፉለት ይጠይቃቸዋል፤ እኛም አንድን ቀን ከአምስት እጅ እናነባለን። እዚህ ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ። በአንደኛው ወገን ምስክሩ በዓይኑ ያየውን ወይም በጆሮው የሰማውን ቃል በቃል ያስፍሩ፤ በሌላው ወገን ደግሞ ምስክሩ ለዚያ የሰጠውን ትርጉም ይጻፉ። ለምሳሌ አንድ ሰው ከሩቅ የሰማውን የጠብ ንግግር ሲተርክ፣ የተነገረው ቃልና ቃሉ ለማን ተነገረ ብሎ ያሰበው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተዋሕደው ይመጣሉ። ሁለቱን ለይቶ መጻፍ ቀላል ይመስላል፤ ሲሞክሩት ግን ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ያያሉ። የክሪስቲ ምስክሮች ሁሉ አይዋሹም፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳሳተን በቅንነት የሰጡት ትርጉም ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ሰፊ ነው። መርማሪ የሌለበትን፣ አሥር ሰዎች በአንዲት ደሴት ላይ በየተራ የሚሞቱበትን የ1939ኙን «ከዚያም ማንም አልቀረም» በአንድ ሌሊት መጨረስ ይቻላል። ሌላዋን የክሪስቲ መርማሪ፣ አሮጊቷን ሚስ ማርፕልን ለመተዋወቅ ደግሞ በ1950 የወጣው «የግድያ ማስታወቂያ» ይበቃል፤ በጋዜጣ ላይ ግድያው የሚፈጸምበት ቤት፣ ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ታውጆ ጎረቤቱ ሁሉ በጉጉት ይሰበሰባል። በመጨረሻዎቹ የሕይወቷ ዓመታት የጻፈቻቸው ልብ ወለዶች ድካም ስለሚታይባቸው ለአዲስ አንባቢ አልመክራቸውም።

«መጋረጃ» ግን ለብቻው ይታይ። በ1975 የታተመ ቢሆንም የተጻፈው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ነው፤ ክሪስቲ የፑዋሮን የመጨረሻ ጉዳይ ጽፋ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስቀምጣዋለች። ታሪኩ ሁሉም ነገር ወደተጀመረበት ወደ ስታይልስ ቤት ይመለሳል። እኔ በሦስተኛነት አነበብኩትና የፑዋሮና የወዳጁ የሄስቲንግስ ዳግም መገናኘት ምንም ሳይሰማኝ አለፈ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ሌሎቹን አንብቤ ስመለስበት ነው ዕንባዬ የመጣው። ስለዚህ ቢያንስ አሥር የፑዋሮ መጻሕፍት እስኪነበቡ ድረስ ይቆይ። ደራሲዋ መጽሐፉ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ ጥር 12 ቀን 1976 በ85 ዓመቷ አረፈች።

ይህን ሁሉ ሲጨርሱ «የሮጀር አክሮይድ ግድያ»ን እንደገና ይክፈቱ። ገዳዩን አሁን ስለሚያውቁ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ምዕራፎች በላይ ማንበብ አያስፈልግም። በመጀመሪያው ንባብ ያለፏቸውን፣ አሁን ግን ሁሉን ነገር የሚናገሩትን ዓረፍተ ነገሮች በሌላ ቀለም ያስምሩባቸው።