ወገብ ሲያዝ ምን ይደረግ?

ደሴ ላይ ወገቡን የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኩላሊቱን ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ የልብስ ስፌት ማሽን ላይ አጎንብሳ የምትውለውም፣ ከሰኞ ገበያ እህል ተሸክሞ ዳገት የሚወጣውም «ኩላሊቴን ያመኛል» ይላሉ። የኩላሊት ሕመም ግን ብዙውን ጊዜ ከጎድን አጥንት በታች በአንድ ጎን የሚሰማ፣ ቢገላበጡም የማይቀንስ፣ አንዳንዴም ትኩሳትና የሽንት ማቃጠል ያለበት ነው። ሲጎነበሱ፣ ሲነሱ ወይም ረጅም ሰዓት ሲቀመጡ የሚብሰው ሕመም በአብዛኛው ከጡንቻ፣ ከጅማት ወይም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ካለው ዲስክ የሚመጣ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሕክምና ለሁሉም ተመሳሳይ በመሆኑ ወዲያው ራጅ ወይም ኤምአርአይ መነሳት አያስፈልግም። በአንድ እግር ከጉልበት በታች የሚወርድ ሕመም ዲስኩ ነርቭ መጫኑን ሊያመለክት ይችላል፤ እሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላል።

«ተኝተህ አሳርፈው» የሚለው ምክር በቅንነት የሚሰጥ ቢሆንም ይጎዳል። ሕመሙ ሲጠና ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን አረፍ ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ መተኛት ግን ጡንቻን ያደክማል። ከአልጋ ሲነሱ ቀጥ ብለው አይነሱ፤ ጉልበትዎን አጥፈው በጎንዎ ይዙሩ፣ እግሮችዎን ወደ መሬት እያወረዱ በክንድዎ ፍራሹን ተጭነው ቀና ይበሉ። ከዚያም በቀን ብዙ ጊዜ ለአጭር ደቂቃ ይራመዱ። የደሴ መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ መጀመሪያ ሜዳ ሜዳውን ይምረጡ። በሙቅ ውሃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ወገብ ላይ ማድረግም ያስታግሳል።

ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የተባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ለጥቂት ቀናት ይረዳሉ። ነገር ግን የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ሐኪም ሳያማክሩ ሊወስዷቸው አይገባም።

ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከመሬት ተጎንብሰው ከማንሳት ይልቅ ደረጃ ወይም ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ ጀርባዎን ሰጥተው፣ ጉልበትዎን አጥፈው ወደ ጀርባዎ አስጠግተው ይሸከሙት፤ ሲነሱም በጭንዎ ኃይል ይነሱ። በሁለት ትንንሽ ጄሪካን ከፍሎ ማመላለስ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭኖች መካከል ያለው አካል ከደነዘዘ ወይም እግር ከዛለ፣ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል መሄድ ግዴታ ነው፤ መዘግየት ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ለሳምንታት እየባሰ የሚሄድ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ያለበት ሕመም ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ሳል ባይኖርም ይመርመሩ፤ የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስም ወጌሻ አከርካሪዎን እንዲያሽ ወይም እንዲጫን አይፍቀዱ።