የሊኑክስ ስልክን አስነስቶ ወደ አዲስ ስሪት ማሸጋገር፦ ፓይንፎንና ሞቢያን

ሊኑክስን በስልክ ላይ መጫን ብዙ ሰው እንደሚፈራው ከባድ ሥራ አይደለም። ከባዱ ሥራ የሚመጣው ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ስልኩ የወዳጅ ዘመድ ቁጥር፣ መልእክትና ፎቶ ይዞ እያለ ስርዓተ ክወናውን ወደ አዲስ ስሪት ማሸጋገር ግድ ሲሆን ነው። ስለዚህ መጫኑን በአጭሩ አልፌ ማሸጋገሩ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ምሳሌ የማደርገው የፓይን64 ምርት የሆነውን ፓይንፎንንና በላዩ የሚሠራውን ሞቢያንን ነው። ሞቢያን ለስልክ የተሰናዳ ዴቢያን (በኮምፒውተር የታወቀ የሊኑክስ ዓይነት) በመሆኑ፣ በኮምፒውተሩ ዴቢያንን ወይም ኡቡንቱን የተጠቀመ ሰው ትዕዛዞቹን አስቀድሞ ያውቃቸዋል፤ ለጀማሪ ከሌሎቹ የስልክ ሊኑክሶች አስበልጬ የምመክረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ስልኩ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ይወቁ። ፓይንፎን ለገዢዎች መድረስ የጀመረው በ2020 ሲሆን፣ ኦልዊነር ኤ64 የተባለው ፕሮሰሰሩ ያን ጊዜም ቢሆን ፈጣን አልነበረም። 2 ጊጋባይት ራምና 16 ጊጋባይት ማከማቻ ያለው፣ እንዲሁም 3 ጊጋባይት ራምና 32 ጊጋባይት ማከማቻ ያለው ሁለት ዓይነት አለ፤ ምርጫ ካለዎት ያለ ማመንታት ሁለተኛውን ይውሰዱ። የቴሌብርና የባንክ መተግበሪያዎች ለአንድሮይድና ለአይፎን እንጂ ለሊኑክስ ስልክ አልተሠሩም። ዌይድሮይድ በተባለው መሣሪያ የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን ማስኬድ ቢቻልም፣ በዚህ ፕሮሰሰር ላይ ያለው ዝግመት ትዕግሥት የሚያስጨርስ ስለሆነ አልመክረውም። ቴሌብርን በ*127# መጠቀም የሚቻል በመሆኑ ይህኛው መንገድ ይበቃል።

ስልኩን ማሰናዳት

የጀርባ ክዳኑ በጥፍር ይከፈታል። አዲስ ስልክ ከሆነ ባትሪውን ያውጡና የባትሪውን መገናኛ የሸፈነችውን ስስ ፕላስቲክ ይላጡ፤ እሷ ሳትነሳ ስልኩ አይበራም። ከክዳኑ ሥር ስድስት ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች ይታያሉ። ከ1 እስከ 5 ያሉት በተራ የሞደሙ (ስልኩን ከኔትወርክ የሚያገናኘው ክፍል)፣ የዋይፋይና ብሉቱዙ፣ የማይክሮፎኑ፣ የኋላ ካሜራውና የፊት ካሜራው ናቸው፤ 6ኛው የጆሮ ማዳመጫው ነው። ወደፊት «ኔትወርክ የለም» ወይም «ድምፄ አይሰማም» የሚል ችግር ሲገጥምዎት ከሁሉ በፊት የሚታዩት እነዚህ ናቸው፤ በጥፍር ጫፍ ተነክተው ቦታቸውን ሊለቁ ይችላሉ።

ሲም ካርዱ የሚገባበት ቦታ ለማይክሮ ሲም የተሠራ ነው። ዛሬ በእጃችን ያለው አብዛኛው ሲም ደግሞ ትንሹ ናኖ ስለሆነ ማስፊያ ፍሬም ያስፈልገዋል። ፍሬሙን ባዶውን አስገብተው አያውጡ፤ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የብረት መገናኛዎች ይዞ ያጣምማቸዋል። ሲሙ በታችኛው፣ ሚሞሪ ካርዱ በላይኛው ቦታ ይገባል።

ካርዱን መጻፍና ማስነሳት

የፓይንፎን ትልቁ በጎነት የሚነሳበት ቅደም ተከተል ነው። ስልኩ ሲበራ መጀመሪያ ሚሞሪ ካርዱን ያያል፤ በካርዱ ላይ ስርዓተ ክወና ካገኘ ከዚያ ይነሳል፣ ካላገኘ ወደ ውስጥ ማከማቻው ይሄዳል። በመሆኑም የውስጡን ሳይነኩ ሞቢያንን በካርድ ላይ መሞከር ይችላሉ፤ የውስጡ ሲበላሽም ስልኩ በካርድ ተነስቶ ይጠገናል።

የሞቢያንን የዲስክ ምስል ከሞቢያን ድረ ገጽ በኮምፒውተርዎ ያውርዱ፤ የሻ256 ማረጋገጫ ቁጥሩንም ያመሳክሩ፤ ኢንተርኔቱ በየመሃሉ በሚቋረጥበት ቦታ ተቆርጦ የወረደ ፋይል ያልተለመደ ነገር አይደለም። ከዚያ ቢያንስ 16 ጊጋባይት በሆነና ፈጣን በሆነ ካርድ ላይ ይጻፉት። ለመጻፍ ቢማፕቱል ወይም ባሌና ኤቸር ይበቃል። «ዲዲ» የሚባለውን ትዕዛዝ የሚጠቀሙ ከሆነ የካርዱን ስም ዲስኮችን በሚዘረዝረው «ኤልኤስቢኤልኬ» (lsblk) ያረጋግጡ፤ ስሙን ካሳሳቱት ዲዲ የኮምፒውተርዎን ዲስክ ያለ ምንም ጥያቄ ይደመስሰዋል።

ካርዱን አስገብተው ስልኩን ያብሩ። የተጠቃሚው ስም ሞቢያን፣ የይለፍ ቃሉ 1234 ነው። ይህን ቃል ወዲያው ይቀይሩት፤ ኋላ ላይ ወደ ስልኩ ከኮምፒውተር በኤስኤስኤች (በኔትወርክ በኩል ትዕዛዝ መስጫ መንገድ) ስለምንገባ፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ቃል እንደነበረ መቆየት የለበትም። ፎሽ የተባለው የስልኩ ገጽታ ሲቆለፍ የሚያሳየው የቁጥር ሰሌዳ ስለሆነ አዲሱም ቃል በቁጥር ብቻ ይሁን፤ ነገር ግን ረዘም ያለ ይሁን። የአማርኛ ፊደል በባዶ ሳጥን ፋንታ በትክክል እንዲታይ የአቢሲኒካ ወይም የኖቶ ኢትዮፒክ ፊደል ጥቅልን ይጫኑ።

ጥቂት ቀን በካርድ ከተጠቀሙ በኋላ በውስጥ ማከማቻው ላይ ይጫኑት። ቶው-ቡት የተባለው ማስነሻ በስልኩ ላይ ካለ፣ ስልኩ ሲበራ የድምፅ መጨመሪያውን ተጭነው ይያዙ፤ መብራቱ ሰማያዊ ሲሆን የስልኩ ማከማቻ በኬብል በኩል ለኮምፒውተሩ እንደ ፍላሽ ዲስክ ይታየዋል፤ ምስሉንም ልክ እንደ ካርዱ ይጽፉበታል። ቶው-ቡት ከሌለ ጃምፕድራይቭን በካርድ ላይ ጽፎ ማስነሳት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ጥሪን በተመለከተ አንድ ነገር ላክል። የስልኩ ሞደም፣ ኩዌክቴል ኢጂ25-ጂ፣ በራሱ ሌላ ትንሽ ሊኑክስ የሚያስኬድ መሣሪያ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ 2ጂና 3ጂ ስላለ ጥሪ ሲመጣ ሞደሙ ወደዚያ ወርዶ ያስተናግዳል። አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች ግን ሁኔታው ይለያል፤ ኤቲ ኤንድ ቲ 3ጂውን በ2022 ስለዘጋ፣ ቮልቲኢ የሚባለው በ4ጂ የሚሄድ የድምፅ ጥሪ ካልሠራ ስልኩ ኢንተርኔት እያለው ጥሪ አይቀበልም። ከመግዛትዎ በፊት ይህን ከኔትወርክዎ ጋር ያጣሩ።

የየሳምንቱ ዝማኔ

በሳምንት አንድ ጊዜ በተርሚናል (ትዕዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) «አፕት አፕዴት» (apt update)፣ ቀጥሎ «አፕት አፕግሬድ» (apt upgrade) ይበቃል፤ አፕት የሶፍትዌር ጥቅሎችን የሚያወርደውና የሚያድሰው መሣሪያ ነው። የሶፍትዌር መደብሩን ለአዳዲስ መተግበሪያዎች እንጂ ለዝማኔ አልጠቀምበትም፤ ምን እንደሚያነሳና ምን እንደሚተካ በግልጽ ስለማይነግረኝ።

ከስሪት ወደ ስሪት መሸጋገር

ዴቢያን 12 ቡክዎርም በሰኔ 2023፣ ዴቢያን 13 ትሪክሲ ደግሞ በነሐሴ 2025 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ወጥተዋል። ሞቢያንም ስሙን የሚይዘው ከእነሱ ነው። ሽግግሩ ደረጃ አይዘልም፤ 11 ላይ ያለ ስልክ መጀመሪያ ወደ 12፣ ከዚያ ወደ 13 ይሄዳል። ከመነሳትዎ በፊት አዲሱ ስሪት ለስልክዎ ሞዴል በሞቢያን የጥቅል ማከማቻ፣ ማለትም ጥቅሎቹ በኢንተርኔት በሚወርዱበት ቦታ፣ መዘጋጀቱን ያረጋግጡ፤ የዴቢያን መውጣት ብቻውን በቂ ምልክት አይደለም።

መጀመሪያ ምትክ ቅጂ። በስልኩ ላይ የፎቶና የሰነድ ማህደሮችን ብቻ ገልብጦ «ጨረስኩ» ማለት ትልቅ አደጋ አለው፤ የመልእክቶችዎና የስልክ ማውጫዎ መዝገቦች ስማቸው በነጥብ በሚጀምር፣ በተለመደው እይታ በማይታዩ ማህደሮች ውስጥ ናቸው። ስለዚህ የተጠቃሚውን ማህደር ሙሉውን፣ የተደበቀውን ጨምሮ፣ «አርሲንክ» (rsync) በተባለው መገልበጫ ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ። ቦታ ካለዎት ደግሞ ከላይ በገለጽኩት መንገድ የውስጥ ማከማቻውን እንዳለ ወደ አንድ ፋይል መገልበጥ ይሻላል፤ ሽግግሩ ቢበላሽ ያንን ፋይል መልሶ መጻፍ ስልኩን እንደነበረው ያደርገዋል።

ቀጥሎ በአሮጌው ስሪት ላይ ያለውን ዝማኔ ሁሉ ይጨርሱና ስልኩን ዳግም ያስነሱ። ባዶ ቦታውን በ«ዲኤፍ» (df) ይዩ፤ ዝማኔው ብዙ ጊጋባይት ይፈልጋል፤ በ16 ጊጋባይቱ ስልክ ላይ «አፕት ክሊን» ብሎ የድሮ የወረዱ ፋይሎችን ማጽዳት ብዙ ጊዜ ግድ ነው። የማስነሻው ክፍልፍል (ፓርቲሽን) ለብቻው ከሆነ እሱንም ይመልከቱ፤ በአሮጌ ከርነሎች (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ከተሞላ አዲሱ ከርነል በግማሽ ተጽፎ ይቀራል።

ከዚያ የጥቅል ማከማቻዎቹ አድራሻ በተጻፈባቸው ፋይሎች ውስጥ ቡክዎርም የሚለውን ስም በትሪክሲ ይተኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው፣ የዴቢያን አድራሻና የሞቢያን አድራሻ በተለያዩ ፋይሎች መቀመጣቸውን ነው። የዴቢያኑ ብቻ ተቀይሮ የሞቢያኑ ከቀረ፣ ከርነሉና የስልኩ ልዩ ጥቅሎች በአሮጌው ቀርተው ሌላው ወደ አዲሱ ይሄዳል፤ ውጤቱም እርስ በርስ የማይስማሙ ጥቅሎች ክምር ነው። ራስዎ የጨመሯቸውን የሌላ ወገን ማከማቻዎች ለጊዜው ይዝጉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሽግግሩን በስልኩ ስክሪን ላይ በተከፈተ ተርሚናል አይጀምሩት። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ስልኩ ስክሪኑ ካልተነካ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱን ያስተኛል፤ ሲተኛ ዋይፋዩም ሥራውም ይቆማል። ሁለተኛና የባሰው፣ ከሚታደሱት ጥቅሎች መካከል ፎሽ ራሱ አለበት። በመሃል ገጽታው እንደገና ሲነሳ ተርሚናሉ ከነሥራው አብሮ ይዘጋል፤ ከአፕት ሥር ሆኖ ጥቅሎቹን የሚጭነው ዲፒኬጂም (dpkg) ጥቅሎችን ከፍቶ ሳያዋቅራቸው ይቀራል። ይህ ከደረሰ የሚታየው ጥቁር ስክሪን ወይም የይለፍ ቃል ተቀብሎ ተመልሶ ወደ መቆለፊያው የሚጥል ገጽ ነው።

መፍትሔው ስልኩን ከውጭ ሆኖ ማሻሻል ነው። ቻርጀሩን ይሰኩ፤ በቅንብሮች ውስጥ በኃይል ክፍል የሚገኘውን ራስ-ሰር እንቅልፍ ለባትሪም ለቻርጀርም ያጥፉ። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ካሉ ባትሪው ሞልቶ ይጀምሩ፤ ስልኩ የራሱ ባትሪ ስላለው አይጠፋም፣ የዋይፋይ ሳጥኑ ግን ይጠፋል። ከዚያ ከኮምፒውተር በኤስኤስኤች ይግቡና ወዲያው «ቲሙክስ»ን (tmux) ይክፈቱ። ቲሙክስ የሚሠራው በስልኩ ውስጥ ስለሆነ፣ የኮምፒውተሩ ግንኙነት ቢቋረጥ ወይም ፎሽ ቢዘጋ ሥራው ይቀጥላል፤ ተመልሰው ሲገቡ «ቲሙክስ አታች» ብለው ካቆሙበት ይከታተሉታል። ይህችን ትንሽ መሣሪያ የሚዘል አጭር መንገድ ሁሉ ኋላ ያስከፍላል።

በቲሙክስ ውስጥ «አፕት አፕዴት» ካሉ በኋላ፣ ሙሉ ሽግግሩን ማውረድ ብቻ በሚለው አማራጭ ያስኪዱት። እንዲህ ሲሆን ጥቅሎቹ ሁሉ አስቀድመው ይወርዳሉ፤ ማታ በርካሽ የኢንተርኔት ጥቅል ወይም በሰው ዋይፋይ አውርዶ መጫኑን ቤት መሥራት ይቻላል። ከዚያ በሁለት ደረጃ ይሂዱ፦ መጀመሪያ «አፕት አፕግሬድ»ን አዲስ ጥቅል ሳይጨምር ያሉትን ብቻ በሚያድሰው አማራጭ፣ ቀጥሎ «አፕት ፉል-አፕግሬድ»ን። ሁለተኛው ከመጀመሩ በፊት የሚነሱ ጥቅሎችን ዝርዝር ያሳያል። ይህን ዝርዝር ስም በስም ያንብቡት። አሮጌ የላይብረሪ ጥቅሎች መነሳታቸው ጤናማ ነው፤ ፎሽ፣ ሞደሙን የሚያስተዳድሩት ሞደም ማኔጀርና ኢጂ25 ማኔጀር፣ ወይም በሞቢያን ስም የሚጀምር ጥቅል ያለ ተተኪ ሊነሳ ከሆነ ግን «አይ» ብለው ወደ አድራሻ ፋይሎቹ ይመለሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልተቀየረ አድራሻ ተረስቶ ነው።

በመሃል ስለ ቅንብር ፋይሎች ሲጠየቁ ምን እንደቀየሩ ካላስታወሱ ነባሩን ማቆየት፣ ማለትም «ኤን»ን (N) መምረጥ ይሻላል። ፕሮሰሰሩ ዘገምተኛ ስለሆነ ሥራው ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ የቆመ ቢመስልም ይታገሡት። በሆነ ምክንያት ከተቋረጠ «ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»፣ ቀጥሎ አፕትን የተሰበረውን በሚጠግነው አማራጭ ማስኬድ አብዛኛውን ጊዜ ካቆመበት ያስቀጥለዋል። ጨርሶ ካልተነሳ በካርድ ያስነሱት፣ የውስጡን ማከማቻ ማውንት አድርገው (ከተነሳው ስርዓት ጋር አገናኝተው) በ«ሲኤችሩት» (chroot) ወደ ውስጡ ስርዓት ይግቡና እነዚህኑ ትዕዛዞች ይስጡ።

ሲጨርስ ዳግም ያስነሱ። የመጀመሪያው መነሳት ይዘገያል። ከዚያ በጥሪ መተግበሪያው *804# ደውለው ቀሪ ሂሳብዎን ይጠይቁ፤ መልሱ ከመጣ ሞደሙ፣ ሲሙና ኔትወርኩ ተግባብተዋል ማለት ነው። ሁለተኛው ፈተና እንቅልፉ ነው፦ ራስ-ሰር እንቅልፉን መልሰው ያብሩ፣ ስልኩ ሲተኛ ከሌላ ስልክ ይደውሉለትና መንቃቱን ይዩ። ሞደሙ ካልታየ ዳግም ማስነሳቱ ላይበቃ ይችላል፤ ስልኩን አጥፍተው ባትሪውን ለአንድ ደቂቃ ያውጡ፣ ያን ጊዜ የሞደሙም ስርዓት ከሥሩ ይነሳል።

ከእንግዲህ አያስፈልጉም የሚላቸውን ጥቅሎች የሚያነሳውን «አፕት አውቶሪሙቭ»ን በዚያው ቀን አያስኪዱ። አዲሱ ከርነል ጥሪ፣ ካሜራና እንቅልፍ በትክክል መሥራታቸውን ጥቂት ቀናት ተጠቅመው እስኪያረጋግጡ ድረስ አሮጌው ከርነል ይቀመጥ። ያቺን የማስነሻ ካርድም አዲሱን ስሪት ጽፈውባት ከስልኩ ጋር ያኑሯት።