ከተማን ከሄሊኮፕተር ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች
ጥንታዊ ከተማን ከአየር ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ሄሊኮፕተር ላይ በማሳፈር ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ በእነዚህ ዓመታት ሰዎቹ እንጂ ስህተቶቹ ሲለወጡ አላየሁም። ከሁሉም የሚያበሳጨኝ አንድ ነውና ከእርሱ ልጀምር።

እርሱም ክብደትን አሳንሶ መናገር ነው። ቦታ ሲይዙ 70 ኪሎ ነኝ ብለው የተመዘገቡ ሰው ሚዛን ላይ ሲወጡ 85 ይሆናሉ፤ ከዚያም ጫማው ነው፣ ካፖርቱ ነው፣ ሚዛኑ ተበላሽቷል የሚል ክርክር ይከተላል። ሚዛኑ አልተበላሸም። አብራሪው ምን ያህል ነዳጅ እንደሚይዝ፣ ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደሚቀመጥ የሚወስነው በኪሎ ነው፤ ጠቅላላ ክብደቱ ከተፈቀደው ማለፍ እንደሌለበት ሁሉ የስበት ማዕከሉም፣ ማለትም ክብደቱ ሚዛን የሚጠብቅበት ነጥብ፣ ከተወሰነለት ክልል መውጣት የለበትም፤ ከወጣ መሪው እስከ ጥግ ተገፍቶም ሄሊኮፕተሩን ማቃናት የማይቻልበት ጊዜ ይመጣል። ሙቀት ሲበረታ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ጠዋት በቀላሉ የተነሣ ጭነት ከቀትር በኋላ አልነሣም ሊል ይችላል። አንድ ቀን አራት ጓደኛሞች እያንዳንዳቸው ከ10 ኪሎ በላይ «ቀንሰው» መጡና የተደበቀው ሲደመር አንድ ቀጭን ሰው የሚያህል ሆኖ ስለተገኘ አንደኛው መሬት ቀረ። የተቆጡት ግን እኔን ነው። የሚያሳፍር መስሎ ከታየዎት በጆሮዬ ይንገሩኝ፤ ለማንም አላወራም። ከፊት ካልተቀመጥኩ ብሎ መሟገትም በዚሁ ምክንያት ትርፉ ድካም ነው።

ወደ ሄሊኮፕተሩ በጅራቱ በኩል በፍጹም አይቅረቡ። የጅራቱ ሮተር፣ ማለትም ተሽከርካሪው ምላጭ፣ በፍጥነት ሲሽከረከር ለዓይን አይታይም፤ የላይኛውም ቢሆን ፍጥነቱ ሲቀንስ ጫፉ ወደ ታች ይወርዳል። ነፋስ የወሰደባቸውን ኮፍያ ተከትለው ወደ ጅራቱ የሮጡ አዛውንት በክንዳቸው ይዤ የመለስኩበትን ቀን እስካሁን አልረሳሁትም። ኮፍያው ይሂድ።

በር ተከፍቶ በሚደረግ በረራ የሚሳፈሩ ከሆነ የታሰሩበትን ማሰሪያ ራስዎ እንዴት እንደሚፈቱ ሳይለማመዱ አይነሡ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኒውዮርክ ውስጥ በእንዲህ ዓይነት በረራ ላይ የአንድ ተሳፋሪ ማሰሪያ የነዳጅ መዝጊያውን እጀታ ስቦ ሞተሩን አጠፋው፤ ሄሊኮፕተሩ ወንዝ ላይ አርፎ ሲገለበጥ አብራሪው ወጣ፣ አምስቱ ተሳፋሪዎች ግን ከነማሰሪያቸው ውኃ ውስጥ ቀርተው ሞቱ።

ከተማውን በእግር ሳያዩ መብረር አደጋ የለውም፤ ብክነት ግን ነው። ከላይ የሚያምረው ጣሪያው ሳይሆን የከተማው አቀማመጥ ነው። በሮም ፒያሳ ናቮና የተባለው አደባባይ የንጉሠ ነገሥት ዶሚቲያንን ስታዲየም ቅርጽ እንደያዘ ይታያል፤ በቪየና ደግሞ ሪንግሽትራሰ የተባለው ሰፊ ጎዳና የፈረሰው ቅጥር የነበረበትን መስመር ተከትሎ አሮጌውን ከተማ ይዞረዋል። ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው ከላይ ሆኖ «ያ ምንድን ነው?» ሲል የበረራው አሥር ደቂቃ ያልቃል። የበረራውንም መስመር አስቀድመው ይጠይቁ፤ በፓሪስ ለምሳሌ የመሀል ከተማው ሰማይ ለጎብኚ ሄሊኮፕተር ዝግ ነው።

ቀትርን ይተዉ። ፀሐይ ዝቅ ስትል ጥላው የአሮጌውን ግንብ እያንዳንዱን ጥርስ ያወጣዋል።

ስለ ፎቶ ለመናገር ድፍረቱ የለኝም፤ መጀመሪያ በተሳፈርኩበት ጊዜ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበርና ካነሣኋቸው ፎቶዎች አብዛኞቹ መስኮቱ ላይ የተንጸባረቀውን የራሴን ደረት ብቻ ያሳያሉ። ጥቁር ይልበሱ፤ ክርንዎን መስኮቱ ላይ አያስደግፉ፣ ንዝረቱ ወደ ካሜራው ያልፋልና። ነጸብራቅ ለመቀነስ ሌንስ ላይ የሚገጠመውን የፖላራይዝድ ማጣሪያም ያውልቁ፤ በፕላስቲኩ መስኮት ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ያመጣል።

ሆድዎ የሚረበሽ ከሆነ ዓይንዎን ከካሜራው አንሥተው አድማሱ ላይ ያሳርፉ። አብራሪው ሲነሣና ሲያርፍ ዝም ይበሉ። ሲወርዱም ቀበቶውን መቀመጫው ላይ መልሰው አስረው ይተዉት፤ ከበሩ ውጭ ተንጠልጥሎ ሲቀር ነፋሱ እያወዛወዘ የሄሊኮፕተሩን ጎን ይደበድበዋል፣ ያን የሚያድሰው ደግሞ ሌላ ሰው ነው።